ቅዳሜ የተሸከመው ድንጋይ

አንድ ገበሬ ነበረ። ዘመኑ የቆየ ነው፤ በአገራችን አንዱ ካህን «ቅዳሜም እንደ እሑድ ትከበር»፣ ሌላው «እሑድ ብቻ ይበቃል» እያለ የሚከራከርበት፣ በአንድ ማዕድ የኖሩ ሰዎች እንኳ ጎራ የለዩበት ዘመን።

ይህ ገበሬ ሁለቱንም ቀን አክባሪ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ዘሚካኤል ግን እሑድን ብቻ ነበር የሚያከብረው። ለየራሳቸው ያላቸው አንድ አንድ በሬ ነውና ተቀናጅተው ያርሳሉ። ቅዳሜ ሲሆን ታላቁ በሬውን ይከለክላል፤ ታናሹ ያጉረመርማል፤ እናታቸው መሐል ገብታ ታስቃቸዋለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ኖሩ።

አንድ ቅዳሜ ጧት እናታቸው ዐረፈች።

ዘሚካኤል መቆፈሪያ ይዞ መጣ። «ወንድሜ፣ ተነሥ እንጂ፣ እንቆፍርላት።»

«ዛሬ ሰንበት ነው። እጄን ለሥራ አላነሣም።»

«ነገስ?»

«ነገም ሰንበት ነው።»

«እማዬ እስከ ሰኞ ትጠብቅህ?»

ምእመናን፣ ሁለቱንም ሰንበት አክብር ብለው ያስተማሩት መምህሩ እንዲህ አድርግ ብለውት ነበር? አላሉትም! ከራሱ የጨመረው ነው። ጎረቤት እስኪደርስ ታናሹ ብቻውን ቆፈረ፤ መዳፉ ተልጦ ደማ። ታላቁ እጁን አጣምሮ ቆሞ ያያል።

«ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አለ ዘሚካኤል፣ አፈሩን መልሶ ሲጨርስ። በሬዎቹም ተለያዩ።

ሰባት ዓመት! ሰውዬው ቅዳሜንም እሑድንም ያከብራል፤ ይጾማል፤ ይሰግዳል። ዓይኑን ሲጨፍን ግን የሚታየው ያ የደማ መዳፍ ነው። ወንድሙ ናፈቀው። ማጉረምረሙ ሳይቀር ናፈቀው።

አንድ ቅዳሜ ከቅዳሴ ሲመለስ እግሩ ወደ ቤቱ አልሄድ አለው። የዚያ ዘመን ይቅርታ ለማኝ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ደጅ ይቆማል፤ ተበዳዩ «አውርድ» እስኪለው ድረስ። ሰውዬው አንድ ትንሽ ድንጋይ አነሣ። አፈረና ጣለው። ወገብ የሚያጎብጠውን መረጠ፤ ተሸክሞም ዳገቱን ወጣ።

ዘሚካኤል ከደጁ ብቅ አለ። የሸበተውን፣ ላብ ያጠመቀውን ወንድሙን አየ።

«ዛሬ ቅዳሜ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አንተ? ቅዳሜ ሸክም?»

«እናታችንን ባልተሸከምኩበት ቀን ልምጣ ብዬ ነው፣ ወንድሜ።»

ዘሚካኤል «አውርድ» ለማለት እንኳ አልቆየም። ሮጦ ከድንጋዩ ሥር ገባ። እንደ ድሮ በሬዎቻቸው ጎን ለጎን ሆነው ተጋግዘው አወረዱት፤ ተቃቅፈውም አለቀሱ።

ያ ሰው ያን ቀን ሰንበትን ሻረ ትላላችሁ? እኔ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ሲሽራት ኖሮ ያን ቀን አከበራት እላለሁ።

እኛስ? ረቡዕና ዓርብን እንጾማለን። ጹሙ! አንዱንም አታፍርሱ። ነገር ግን እዚሁ ጉባኤ ውስጥ፣ ከአንድ ዐምድ ግራና ቀኝ ቆማችሁ ዓይን ለዓይን የማትተያዩ አላችሁ። አውቃችኋለሁ፤ ወደ መሬት አትመልከቱ! «እሱ ይቅደም» ትላላችሁ። «እሷ ትምጣ» ትላላችሁ። እስከ መቼ?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትቸኩሉ። የምትሄዱበትን ደጅ እያንዳንዳችሁ ታውቁታላችሁ። ባዶ እጃችሁንም ቢሆን ሂዱ። ሰኞን አትጠብቁ።