የደንብ ልብሱን ያወለቀው ፖሊስ

አንድ ፖሊስ ነበረ፤ የእሱን ታሪክ የምነግርህ ስለ ጠየቅኸኝ ነገር ነው። የቀበሌው መጋዘን ከተሰበረ ወዲህ የጥሩአይነት ልጅ ዋሻ ገብቷል፤ ሊቀ መንበሩ አንተን፣ አስተማሪውን፣ ጠርተህ አውጣው ብሎሃል፤ ልሂድ ወይስ ልተው ብለህ ጠየቅኸኝ። ቁጭ በል። የማውቀው ይህን ነው።

ፖሊሱ በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ሳጅን ነበር። አይጠጣም፤ ከድሃ እጅ ምንም አይቀበልም። ከሦስት ልጆቹ ጋር ካልሆነ ራት አይቀርብም። ከሥራ ሲወጣ ቱታውን ለብሶ ከብት ገበያው ሜዳ ይወርድና የከተማዋን ልጆች ኳስ ያሠለጥናል። ቅዳሜ ገበያ ስለሚውልበት እሑድ ጠዋት መጀመሪያ እበቱን በአካፋ የሚዝቀው እሱ ነው፤ ልጆቹ ከኋላው ይጠርጋሉ። ኳሷ ስትቀደድም ቤቱ ወስዶ በወስፌ ይሰፋታል። ሚስቱ «ከእኔ ይልቅ ለዚህች ቆዳ ታስባለህ» እያለች ትስቅበታለች።

ሜዳ ላይ አፉ አያርፍም። «አንተ፣ ኳሷ ውሻ ናት እንዴ? ምን ያሸሽሃል!» ይላል። ልጆቹም አይተዉትም። «ጋሼ፣ እርስዎ ይሩጡና እንይ፤ ሆድዎ ቀድሞ ይደርሳል!» ይሉታል። እሱ ካሠለጠናቸው ልጆች መካከል ሌባ የወጣ አልነበረም። ይህ የእሱ ሥራ ነው፤ ሐሰት አይደለም።

በረኛው አባት የሌለው ልጅ ነበር። አዝመራው ይባላል። ብዙ ቀን ከሳጅኑ ልጆች ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል። ሳጅኑ በእናቱ ደጅ ሲያልፍ «አዝመራው!» ብሎ ከተጣራ የያዘውን ጥሎ ይወጣል።

አንድ የገበያ ቀን በከተማዋ ረብሻ ተነሣ። የቢሮ መስኮት ተሰበረ፤ አንድ መኪና ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው ያየ አልነበረም፤ ግን ስም ይፈለግ ነበርና የአዝመራው ስም ተጠራ። ልጁ ይህን ሲሰማ ከከተማው በታች ባለው ገደል ውስጥ ተደበቀ። ፖሊሶች ወርደው ፈለጉ፤ አጡት። የት እንዳለ የሚያሳያቸው ሰው አልተገኘም።

አዛዡ ሳጅኑን ጠራው። «አንተ ብትጠራው ይወጣል» አለው።

«ከዚያስ?»

«ቃሉን ይሰጣል፣ ይሄዳል። ምን ነካህ? ልጅ አይደለም እንዴ?»

«ማታ ቤቱ ይገባል?»

«ይገባል አልኩህ እኮ!»

ሳጅኑ አመነ። ትእዛዝ እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ልጁንም ይወደዋል። ሌሎቹ መሣሪያ ይዘው ከሚያገኙት እኔ ባመጣው ይሻላል ብሎ አሰበ። አሳቡ ክፉ አልነበረም። ቤቱ ሄደ፤ የደንብ ልብሱን አወለቀ፤ ቱታውን ለበሰ። ሚስቱ ምነው ብትለው «ልጁ እንዳይደነግጥ ነው» አላት። ነገሩ ያኔ አለቀ።

መጀመሪያ ወደ እናቱ ሄደ። ምስር እየለቀመች ነበር።

«ሳጅን ወንድሜ፣ ማንን ልመን?» አለችው።

«እኔን እመኚኝ። ማታ ራቱን ከልጆቼ ጋር ይበላል።»

ቱታውን አየች። ተነሥታ የተደበቀበትን በጣቷ አመለከተችው።

ሳጅኑ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ተጣራ። ሁለተኛ መጣራት አላስፈለገውም። ልጁ ከቁጥቋጦው ውስጥ እየሳቀ ወጣ። «ጋሼ፣ እስከዚህ በእግርዎ መጡ? ሆድዎ እንዴት እሺ አለ?» አለው። ሳጅኑ እጁን ይዞ ወደ ከተማ ተመለሰ። በመንገድ ያያቸው ሁሉ ሰላም አላቸው።

ጣቢያው ግቢ ውስጥ ከሌላ ቦታ የመጣ መኪና ቆሞ ይጠብቅ ነበር። በመኪናው የመጡት ሰዎች ልጁን ከእጁ ተቀበሉት፤ ጭነውት ሄዱ። ሳጅኑ ወደ አዛዡ ሮጠ።

«ማታ ይገባል ብለውኝ ነበር!»

«እኔንም የበላዮቼ እንደዚያው ብለውኝ ነበር» አለ አዛዡ።

ሳጅኑ ወደ እናትዮዋ ሄደ። አልጮኸችም፤ አልረገመችውም። ከላይ እስከ ታች አየችው። «በፖሊስ ልብስህ ብትመጣ ኖሮ ልጄ ይሸሽ ነበር» አለችው። በሩን ዘጋችው።

በሚቀጥለው እሑድ ሳጅኑ አካፋውን ይዞ ሜዳ ወረደ። እበቱን ብቻውን ሲዝቅ አረፈደ፤ አንድም ልጅ አልመጣም። ቆይቶ ማዕረግ ጨመሩለት። አዝመራውም ከብዙ ጊዜ በኋላ ተፈታ፤ መኪናውን ያቃጠለው እሱ አልነበረም። ተፈትቶ ግን ከውጭ ስሙን ሲጠሩት አይወጣም። እናቱ ገብታ ትከሻውን ካልነካችው ከተቀመጠበት አይነሣም።

አንድ ማታ ሳጅኑ ትንሹን ልጁን ለራት ተጣራ። ድሮ እየሮጠ የሚመጣ ልጅ ነው። ያን ቀን ከጎረቤት አጥር ሥር ቆሞ «ለምንድን ነው?» አለ።

«ለራት ነዋ!» አለው አባቱ።

ልጁ ንቅንቅ አላለም። «እማዬ ትጥራኝ» አለ።

እንግዲህ ያ ሳጅን አሁን አንተ ነህ። አትቆጣ። ደግ አስተማሪ አይደለህም አላልኩም፤ እሱም ደግ ነበር። ሊቀ መንበሩ የላከህ ሰው አጥቶ አይደለም። የቀበሌው ታጣቂዎች የዋሻውን መንገድ ከአንተ ይልቅ ያውቁታል። ያጡት ልጁ አምኖ የሚወጣለትን ድምፅ ነው። ያን ደግሞ አንተ ከሰሌዳው ፊት ቆመህ ስትደክም ያገኘኸው ነው፤ እነሱ የሰጡህ አይደለም።

ምንም አይሆንም ብለው ማሉልኝ አልኸኝ። የማሉት ለአንተ ነው። ለእናቱ ለጥሩአይነት የምትምለው ግን አንተ ነህ፤ ያውም በእጅህ በሌለ ነገር። መጋዘኑን ልጁ ይስበረው አይስበረው እኔ አላውቅም። ጥፋተኛ ከሆነ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መሣሪያቸውን ይዘው ይፈልጉት። ሥራቸው ነው።

ሂድና እምቢ በላቸው። ከትምህርት ቤቱ ቢያባርሩህ እርሻው አለ፤ ትደክማለህ እንጂ አትራብም። እሺ ካልኻቸውም ሂድ፤ እኔ አልይዝህም። ብቻ ይህን እወቅ፤ ያ ልጅ ከዋሻው የሚወጣው ለአንተ ብሎ ነው። የምታስረክበው ግን ለእነሱ ነው።