ያልሞላው የሻይ ጣሳ

አንድ ሰው ነበረ። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጅ የለውም። በአንዲት ክፍል ቤት ብቻውን ይኖራል።

በሩን የምታንኳኳ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ አስካለ የምትባል ጎረቤቱ። ሚስቱ በተቀበረች ሰሞን የቤቱን ሁለተኛ ቁልፍ ሰጣት። «በሩ ሳይከፈት ከረፈደ ከፍተሽ ግቢ» አላት።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰውየው ሞትን አልፈራም። የፈራው ሞቶ፣ ማንም ሳያውቅ በተቆለፈ ቤት መሰንበትን ነው።

ጠዋት እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አስካለ ገብታ ትጠርግለታለች። ሲመለስ፣ «ጋሼ፣ ዛሬም መጡ? እኔ እኮ ቤቱን ልወርስ ነው ብዬ አሳምሬ ጠረግኩት» ትለዋለች። ይስቃል። በቀን ውስጥ የሚስቀው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

አሁን ልማዱን ስሙ። የሻይ ቅጠል ፓኬት ሲገዛ፣ ሚስቱ ትጠቀምበት በነበረው ጣሳ ውስጥ ይገለብጠዋል። ጣሳው ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ከተረፈው ላይ ይጨምርበታል። ባዶውን ፓኬት ደግሞ ሚስቱ ታደርግ እንደነበረው ዘርግቶ መደርደሪያው ላይ ያነጥፈዋል።

አንድ ፓኬት ከጡረታ እስከ ጡረታ ያደርሰው ነበር። በኋላ ግን ማድረስ አቃተው። ጣሳው ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። የሚጠጣው ያው ነው። እንግዳ የለው። ታዲያ ሻይ ቅጠሉ ወዴት ሄደ?

ሰውየው ጣሳውን አየ። ቀጥሎ በሩን አየ። ቀጥሎ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ አሰበ።

አንድ ቀን ሻይ ቅጠሉን በማንኪያ ጀርባ አስተካከለና በጣቱ መስቀል ሠራበት። የነካው ሰው እንዲታወቅ ነው። መስቀል! በምን ላይ? በጥርጣሬ ላይ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መስቀሉ እንደነበረ ነው።

ይህ አይበቃም ነበር? አልበቃውም። «ወስዳ መልሳ ሠርታው ነው» አለ በልቡ። ወገኖቼ፣ የጠረጠረ ሰው ማስረጃ አያጣም።

በማግስቱ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ምነው ጋሼ፣ በር ላይ ቆሙ? ሙሽራ ሊቀበሉ ነው?»

«ቁልፉን ስጪኝ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ስጪኝ።»

ከመቀነቷ ጫፍ ፈታችና ሰጠችው። ሁለተኛ አልጠየቀችም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት የሚያንኳኳ ጠፋ። ጣሳው ግን መጉደሉን አልተወም። አንድ ቀን ጭራሽ ባዶ ሆነ። ሰውየው አዲስ ፓኬት ገዝቶ ገለበጠበት። ድሮ አንድ ፓኬት ይሞላው የነበረው ጣሳ አልሞላም።

ቆሞ አየው። ማንም አልገባም። ቁልፎቹ ሁለቱም ኪሱ ውስጥ ናቸው። ከመደርደሪያው ላይ አንድ አሮጌ ፓኬት አንሥቶ እንደነበረ አቆመና ከአዲሱ ጎን አስጠጋው። ቀለሙ ያው። ሥዕሉ ያው። ቁመቱ ያው። የአዲሱ ሆድ ግን ቀጥኗል።

ሁለቱንም ይዞ ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ሸምሱ ይባላል።

«አባባ፣ እኔ አላጎደልኩም። ከፋብሪካው ነው እንዲህ ሆኖ የሚመጣው። ግራሙ ከታች ተጽፏል፣ ይኸው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎስ መቼ ጠየቁኝ? ‹ዋጋው ጨመረ ወይ?› ይላሉ፤ ‹አልጨመረም› እላለሁ። ውሸት ተናገርኩ?»

ሰውየው ፓኬቶቹን ይዞ ወጣ። ከዚያው አስካለ ቤት ሄዶ አንኳኳ። በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች።

«ደህና ነዎት ጋሼ?»

«አስካለ፣ ፓኬቱ ነው ያነሰው።»

«የምን ፓኬት?»

ያን ጊዜ ነገራት። በምን እንደተጠረጠረች እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር።

«በሻይ ቅጠል?» አለች። «እኔ እኮ ሻይ አልጠጣም። ይኼን ያህል ዓመት አንድ ቀን ስጠጣ አይተውኛል?»

አላየም። እያሰበ ቢሆን ኖሮ ያስታውስ ነበር። ቁልፉን ዘረጋላት። አልተቀበለችውም።

«ፈራሁ ጋሼ» አለችው። «ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ያንስብዎታል።»

ዛሬም መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ትለዋለች። ቃሉ ያው ነው፣ ፈገግታው ያው ነው። ውስጡ ግን ጎድሏል፤ እሱም ያውቀዋል። ሰውየው አሁን በሩን ሳይቆልፍ ይተኛል።

ወገኖቼ፣ ሱቅ ስትገቡ ዋጋ ብቻ ጠይቃችሁ አትውጡ። ፓኬቱን ገልብጡ። ግራሙን አንብቡ፤ ዓይናችሁ ከደከመ አስነብቡ። አሮጌውን ማሸጊያ ከአዲሱ ጋር አስተያዩ። ዋጋው ሳይጨምር ዕቃው ሊያንስ ይችላልና፣ ለኪሎ ስንት እንደሚደርስ ጠይቁ። የሚሸጥላችሁን ነገር መመርመር ነውር አይደለም።

እናንተ ግን ማንን ነው የምትመረምሩት? ዘይቱ ቶሎ አለቀ፤ የሠራተኛዋን እጅ ታያላችሁ። ሳሙናው አልበረከተም፤ ምራታችሁን ታያላችሁ። ያታለላችሁ ሩቅ ነው፣ አታውቁትም። ስለዚህ ቅርብ ያለውን ትይዛላችሁ።

እስቲ አስቡ። የእናንተን በር ማን ያንኳኳል? ቁልፋችሁ ማን ዘንድ ነው? ከማንስ ቀምታችኋል?

ቀምታችሁ ከሆነ ዛሬ ሂዱ። ላይቀበሏችሁ ይችላሉ። ቢሆንም አንኳኩ።