ያልተነበበው መልመጃ

አንዲት እናት ነበረች። አራት ዓመት የሞላት፣ የማትናገር ልጅ ነበረቻት። ልጅቷን ማራናታ እንበላት። ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ የፈለገችውን በጣቷ ታሳያለች። ቃል ግን ከአፏ አይወጣም።

እናትየው አንድ ዓመት ሙሉ ጸለየች። ከዚያም አዲስ አበባ ያለች ፌቨን የምትባል የንግግር ሕክምና ባለሙያ ልጆችን በቪዲዮ እንደምትረዳ ሰማች። ወረፋ ያዘች። ብዙ ወር ጠብቃ ተራዋ ደረሰ። ደስታዋን አስቡት!

የመጀመሪያው ቀን ምስሉ እየቆመ አስቸገረ።

«የማራናታ እናት፣ ኔትወርኩ እንዲህ ከሆነ መልመጃውን በየሳምንቱ በቴሌግራም ጽፌ እልክልዎታለሁ። እያነበቡ አብረዋት ይሥሩ» አለቻት ፌቨን።

«እሺ ዶክተር።»

እህቶቼ፣ ይህች ሴት ማንበብ አትችልም ነበር።

አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልጋት። «አልችልም» ብትል ይበቃ ነበር። አላለችም። መልእክቱ በመጣ ቁጥር የአውራ ጣት ምልክት ትልካለች። እሱን ለመላክ ፊደል አያስፈልግም።

በሁለት ሳምንት አንዴ ፌቨን ትደውላለች።

«መልመጃውን እየሠራችሁ ነው?»

«ሳናቋርጥ።»

«ለውጥ አለ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን!»

እግዚአብሔርን ማመስገን ውሸት ሊሆን ይችላል ወይ? ይችላል። እኛ በየቀኑ እናደርገዋለን። ቤታችን እየተቃጠለ «እንዴት ናችሁ?» ሲሉን ምን እንላለን?

በአምስተኛው ወር ባለሙያዋ ማራናታን በቪዲዮ አይታ ምንም ለውጥ ስላጣች አዝና እንዲህ አለች፦ «የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። በእኔ መንገድ የምትረዳ አልመሰለኝም። ሌላ ቦታ ትታይ።» የማራናታም ሰዓት ለሌላ ልጅ ተሰጠ።

እናትየው ከዚያ በኋላ ነው ቅዳሜ ከሰዓት በዚህ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ወደሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት የመጣችው። እኔም እዚያው ነው ፊደል የቆጠርኩት። አንድ ቅዳሜ መምህራችን ከወጣ በኋላ ስልኳን አውጥታ የመጀመሪያውን መልእክት በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። አጠገቧ ነበርኩ። እንዲህ ይላል፦

«ውሃ ስትፈልግ ወዲያው አይስጧት። ብርጭቆውን ይዘው ፊት ለፊቷ ይቀመጡ። ዝም ብለው በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ። ማንኛውንም ድምፅ ካወጣች ይስጧት፤ እልል ይበሉላት። ሰው ሲያናግራትም እርስዎ አይመልሱላት።»

ይህች እናት ምን ስታደርግ እንደነበር ታውቃላችሁ? ልጅቷ ጣቷን ሳታነሳ ውሃውን ታቀርብላት ነበር። ጎረቤት «ሚጡዬ፣ ስምሽ ማን ነው?» ሲል እሷ ቀድማ «ማራናታ ነው ስሟ፤ ታፍራለች» ትል ነበር። በፍቅር ነው ያደረገችው። በየቀኑ፣ አምስት ወር ሙሉ።

እዚያው ሆና ለፌቨን ደወለች። እውነቱን ነገረቻት።

«ለምን አልነገሩኝም? በድምፅ እልክልዎት ነበር እኮ! ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።»

ሁለት ደቂቃ! «እንደገና ወረፋ ይያዙ። ያኔ ብንጀምረው ይቀለን ነበር፤ አሁንም ግን እንሞክራለን» አለቻት ፌቨን።

አሁን ትላላችሁ፦ ምን ዓይነት እናት ናት? ለልጇ ስትል ኩራቷን አትተውም?

እኔም ጠየቅኋት። መልሷን ስሙ። «ዶክተሯ እያነበቡ ይሥሩ ስትለኝ የዚያን እሑድ የእማማ ዘነቡን ነገር አስታወስኩ» አለችኝ።

ብዙዎቻችሁ ያን እሑድ እዚህ ነበራችሁ። የመዝሙር ወረቀት ሲታደል እማማ ዘነቡ ገልብጠው ያዙት። ከመካከላችን አንዷ «እማማ፣ ጽሑፉን ከጣራው ላይ ነው እንዴ የሚያነቡት?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እማማ ዘነቡም አብረው ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ወረቀት ሲታደል «መነጽሬን ረሳሁ» ይላሉ። መነጽር ኖሯቸው አያውቅም።

ያን ቀን የማራናታ እናት ከኋላ ተቀምጣ አየች። ማንን መፍራት እንዳለባት ተማረች። ዶክተሯን አይደለም። እኛን ነው።

ስለ እናንተ ብቻ አልናገርም። እኔም ስቄአለሁ። ያን ጊዜ እኔም አላነብም ነበር። ወረቀቱን የያዝኩት ከጎኔ ያለችው ሴት እንደያዘችው አይቼ ነው። ጮክ ብዬ የሳቅኩት ማንም ወደ እኔ እንዳይዞር ነው። የራሴ ልጆች በጤና ተናገሩልኝ፤ ሳቄ የሌላዋን ልጅ አፍ ይዘጋል ብዬ መቼ አሰብኩ?

እናንተ ማንበብ የምትችሉ፣ ማን ናት አጠገባችሁ ተቀምጣ ያልጠየቀቻችሁ? ከሐኪም ቤት የተሰጣትን ወረቀት አጣጥፋ የያዘች፣ ከልጇ ትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ የደበቀች? ለምን አልጠየቀችንም? ትዕቢተኛ ስለሆነች ነው እንበል? ወይስ ስለምታውቀን?

የማራናታ እናት ማን እንደሆነች አልነግራችሁም፤ አትፈልጓት። ልጅቷ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። እኩዮቿ ትምህርት ቤት ገብተዋል። እሷ ከእናቷ ጋር ወረፋ ትጠብቃለች፤ ከፊቷ ሠላሳ ሰባት ልጆች አሉ።