አያ ሽባባውና የአገልግሉ ክዳን

ምላሱ የማይሸነፍ ሰው ራሱን እንዲጠብቅ በምን ይለመናል? አትጠገብ ይሄን እስከ ዛሬ አልመለሰችውም።

ድሮ ነው አሉ፣ ጣና ዳር። ባሏ አያ ሽባባው በብስክሌት ፖስታ ያመላልስ ነበር። አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ ወድቆ ግንባሩ ተፈንክቶ መጣ። አትጠገብ ገና አራስ ናት። ሕፃኗን አየች፣ ደሙን አየች፣ የምታደርገው ጠፋት። በኋላ የሠርጓን ትንሽ አገልግል ክዳን አነሳች፣ ውስጡን ጥጥ ሞላች፣ በጠፍር አገጩ ሥር አሰረችለት።

በማግስቱ ፊታውራሪ ደምሌ በበቅሎ ሲያልፉ አዩት። ወንድ ልጅ መውደቅ ፈርቶ የምሳ ክዳን ይደፋል ወይ ብለው ሳቁበት። አያ ሽባባው እጅ ነሳና፦

«ጌታዬ፣ እርስዎ ከበቅሎ ሲወድቁ ሮጠው የሚደግፉዎ አምስት አሽከሮች አሉ። የኔ አሽከር ይቺ ክዳን ናት።»

ብስክሌት የሚያከራይ እንግዳወርቅ የሚባል ቋጣሪ ደግሞ ነበር። ለተከራዮቹ የራስ መከለያ ቢገዛ ምን አለበት ሲሉት፣ መንዳት የሚያውቅ ሰው አይወድቅም ብሎ ድርቅ አለ። አያ ሽባባው ቀለማቸው እንዳይላጥ በጨርቅ የተጠቀለሉትን ብስክሌቶች እየዳሰሰ፦

«የማይወድቁ ከሆነ እነዚህን የጠቀለልካቸው ብርድ ይዟቸው ነው?»

አትጠገብ ይሄን ስትሰማ ደስ አላት። እንግዲህ ገብቶታል ብላ ሁለት ሳምንት በሰላም ተኛች።

ምን ዋጋ አለው፣ የሰፈር ሰው «ክዳኑ መጣ» ማለት ሲጀምር አውልቆ ጣለው። ብትለምነው እምቢ፣ ብታኮርፍ እምቢ። ልጇን አዝላ ዳኛ ዘንድ ከሰሰችው። ዳኛው ሚስትህ የሠራችልህን ለምን አታደርግም ብለው ጠየቁት።

«ጌታዬ፣ የሚከደን ውስጡ ነገር ያለው ዕቃ ነው። የኔ ባዶ መሆኑን በየቀኑ የምትነግረኝ እሷው ናት።»

ዳኛው ጋቢያቸው እስኪወድቅ ስቀው አሰናበቱት። ችሎቱ ሁሉ ሳቀ። ያልሳቀች እሷ ብቻ ናት።

በነጋው ሊወጣ ሲል ብታይ፣ ክዳኗ ተመልሳ አገልግሉ ላይ ገጥማለች፣ በዚያው በራሷ ጠፍር ታስራ፣ ከብስክሌቱ ኋላ። መሪውን ያዘችበት። ምሳህን ከድነህ ራስህን ሜዳ ትተወዋለህ ወይ አለችው፣ እንባዋ እየመጣ። እሱም እጇን ቀስ አድርጎ አላቀቀና፦

«አንቺ አትጠገብ፣ ምሳው ከተደፋ ከሰዓት በኋላ ይርበኛል። ራሴ ከተሰበረ ግን ዳግመኛ አይርበኝም።»

ብሏት ቁልቁለቱን ወረደ። እሷ ልጇን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። እስቲ እናንተ ባልና ልጅ ያላችሁ፣ ነገ ጠዋት ምን ትበለው? ምከሯት።