መሪ አልፈልግም ያለው ዝንጀሮ

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ብትሰሙ አትጎዱም። ከብዙ ዘመን በፊት፣ ስሙ በተረሳ አገር፣ ከተራራ የሚወርድ ቀዝቃዛ ወንዝ ነበር። ዓሣው ጀርባው ነጠብጣብ ነው፤ ዝንብ ካየ ከውሃው ዘሎ ይቀልባል። ስለዚህ አውሬው ሁሉ ላባ በዝንብ አምሳል መንጠቆ ላይ እያሰረ፣ በፈረስ ጭራ ክር እየወረወረ ያጠምድ ነበር። የወንዙ ዳር እንደ ገበያ ቀን ይጨናነቃል።

አያ ዝንጀሮ የሚባል ጉረኛ ነበር፤ አንዲት ልጃገረድ አጭቷል። የልጅቷ እናት እመት ጭላዳ፣ «ለቅዳሜ ዓሣ ያላመጣ ሙሽራ ደጄን አይረግጥም» አለች።

«አንድ ቅርጫት ሙሉ!» ብሎ ደረቱን መታ።

ወንዙ ዳር የውሃውንና የዓሣውን ጠባይ ጠንቅቃ የምታውቅ እመት ኤሊ ነበረች። «ልምራህ ልጄ፤ ከሦስት ዓሣ አንዱን ለእኔ ትሰጠኛለህ» አለችው።

«ዓይን አለኝ፣ እጅ አለኝ፣ መሪ ምን ያደርግልኛል!» አለና ግርግሩ ወዳለበት ሄደ።

«ኧረ ተው! የዚያ ቦታ ዓሣ ላባና ዝንብ መለየት ከጀመረ ቆየ» አለችው ኤሊ።

አልሰማትም። መንጠቆውን ወደ ኋላ ቢያወናጭፈው የቀበሮን ጆሮ ያዘ።

«አንተ ዓይነ ስውር! ጆሮዬ ዓሣ ይመስላል?» ብላ እስከ ዳገቱ አባረረችው።

ከዳገቱ በላይ ጸጥ ያለ ጥልቅ ውሃ አገኘ። እመት ኤሊም ዝግ እያለች ደረሰች። «ጎንበስ በል፤ ፀሐይ ከጀርባህ ናት። ዓሦቹ ጥላህን ካዩ ይሸሻሉ።»

«ዓይን አለኝ፣ እጅ አለኝ፣ መሪ ምን ያደርግልኛል!» ብሎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጥላው ውሃው ላይ ሲጋደም ዓሦቹ ብትን አሉ።

ቅዳሜ ነጋ። ቅርጫቱ ግን ባዶ ነው። አረንጓዴ፣ የሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ ሊወጣ ሲል፣ «ያቺ ድንጋይ እንኳን አንተን እንቁራሪትም ጥላለች!» አለችው ኤሊ።

«ዓይን አለኝ፣ እጅ አለኝ...» ሳይጨርሰው ተንሸራተተ። መንጠቆው ያንን ቀይ መቀመጫውን ጨብጦ ያዘ፤ ውሃውም እያንከባለለ ወሰደው።

ታች መሻገሪያው ላይ እመት ጭላዳና ልጅቷ ውሃ ሊጠጡ ወርደው ነበር። ልጅቷ የሚንሳፈፍ ክር አየች። «እማዬ፣ አንድ ትልቅ ነገር ይዟል!» ተጋግዘው ቢጎትቱ እጮኛዋ ወጣ።

«ምነው አማቼ፣ ስንት አጠመድክ?» አለች እመት ጭላዳ።

«አንድ ብቻ... እሱም እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ሳቋ አላስቆም ብሏት መሬት ተቀመጠች። እናቷ ግን፣ «ፀሐይ እስክትጠልቅ ጊዜ አለህ፤ ካለዚያ ሠርግ የለም» አለችው።

አያ ዝንጀሮ መንጠቆውን ነቅሎ፣ መቀመጫውን ይዞ እያነከሰ ተመለሰ። «እመት ኤሊ፣ አጥፍቻለሁ፤ እባክዎ ይምሩኝ።»

እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ከትልቅ ድንጋይ ኋላ በሆዱ አስተኛችው፤ መንጠቆው ላይ ያለውን ላባ በአረፋው ጠርዝ ቀስ አድርጎ እንዲጥል ነገረችው። ከሰዓት በኋላ ሦስት ዓሣ ያዘ። ትልቁን ለኤሊ ሰጠ፤ ሁለቱን ይዞ ለአማቱ ሮጠ።

ሠርጉ ተደገሰ። ዘመድ ሁሉ ተቀምጦ በላ፤ ሙሽራው ብቻ ቆሞ ዋለ። «ተቀመጥ እንጂ!» ሲሉት፣ «ደስታው ነው» ይል ነበር።

አዎ ልጆቼ፦ መሪ የናቀ፣ በገዛ መንጠቆው ተነጠቀ።