አያ ጅቦ የቆረጣት ድንክዬ አስታ

አንድ ጊዜ፣ ጫካው አልቆ የጓሳ ሣሩ በሚጀምርበት ብርዳም ተራራ ላይ፣ አያ ጅቦና እመት ቀበሮ ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። በደጃቸው አስታ የምትባል አንዲት ድንክዬ ዛፍ ነበረች። ዕድሜዋ ከታች ካሉት ረጃጅም ዛፎች ይበልጣል፤ ቁመቷ ግን ከጅብ ጆሮ አያልፍም። ከጀርባዋ ሁለት ችግኞች በቅለው ነበር፤ አንዱ የጅብ፣ አንዱ የቀበሮ። አያ ጅቦ «ይህ ሲያድግልኝ ልጆቼን ከውርጭ ያስጥልልኛል» እያለ ተስፋ ያደርግ ነበር።

የቀበሮ ችግኝ ወደ ድንክዬዋ ይበልጥ ተጠግቶ ስለበቀለ ቀድሞ ረዘመ። ይሄኔ የአያ ጅቦ አንጀት አረረ። ቅናት ምግብ ከለከለው፤ ለጅብ ደግሞ ከዚህ የባሰ በሽታ የለም! በየጠዋቱ ሁለቱን ችግኞች በጅራቱ እየለካ ይብሰለሰል ጀመር።

«ይቺ ድንክ ለቀበሮ አድልታ ነው! የኔን ድርሻ ለሷ ነው የምታጠጣው!» ብሎ ጥርሱን አሾለ።

«ኧረ ተው አያ ጅቦ!» አለች ቀበሮ። «እሷ እኮ ያጠረችው ውርጩን ስትመክትልን ነው። አናቷን በመታት ቁጥር ወደ ጎን እየሰፋች ችግኞቻችንን ትከልላለች።»

«ያንቺ ስለረዘመ ነዋ የምትሟገቺላት!»

ቀበሮ ቅናተኛን ምክር እንደማይመልሰው ገባት። «እንግዲያው ቅርንጫፎቿን ለኔ ተውልኝ» አለችው።

«ውሰጂው! ጅብ ቅጠል አይበላ!» ብሎ የድንክዬዋን ግንድ ቀረጠፈው። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል እንዲሉ፣ እሱ ሲፈነጥዝ ቀበሮ እያለቀሰች ቅርንጫፎቹን ሰብስባ ችግኟን ዙሪያውን አጠረችው።

ብዙም ሳይቆይ ኃይለኛ ውርጭ ወረደ። የጅብ ችግኝ ጠቁሮ ደረቀ፤ ልጆቹም በብርድ ይንቀጠቀጡ ጀመር። አያ ጅቦ ጅራቱን ቆልፎ፣ እያፈረ ከቀበሮ አጥር ደረሰ።

«እመት ቀበሮ፣ እባክሽ ልጆቼን እንኳ አስጠጊልኝ።»

«ይግቡ፤ እነሱ ምን አጠፉ? አጥሩ ግን በነፋሱ በኩል ሳስቷል። አንተ እዚያ ቁምልን።»

አያ ጅቦ ጀርባውን ለውርጩ ሰጥቶ ቆመ። «እስከ መቼ ነው የምቆመው?» አለ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

«ሌላ ድንክዬ እስክታድግ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ቅናተኛ ሰው ጎረቤቱን የጎዳ እየመሰለው የገዛ ልጆቹን ከለላ እንደሚቆርጥ ነው።