እመት ናፍጤና ጨዋው እንግዳ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት አትበሉኝ፤ ዛሬ በረቱ ውስጥ ያለችው ላም አይደለችም። «የናፍጣ ሽታ» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ጆሯችሁን ስጡኝ።

ድሮ ድሮ፣ ግመልና መኪና በአንድ መንገድ ሲሄዱ፣ ቀለምም ጨውም አፍ አውጥተው ሲናገሩ፣ በአፋር በረሃ በአንድ የጨው ሐይቅ ዳር እመት ናፍጤ የምትባል አሮጊት ፒክአፕ ነበረች። ናፍጣ ትጠጣለች፣ ጥቁር ጭስ ታጨሳለች፣ ስትነሳ ታስላለች። ብትስልም አንድም ቀን አልነሳም ብላ አታውቅም። ኩራቷም ይኸው ነበር።

ሾፌሯ ያዮ ከሐይቁ ዳር ጨው በጆንያ ይጭንባታል። ጨውን ከተማ ታደርሳለች፤ ስትመለስ የመንደሩን የመጠጥ ውሃ በበርሜል ይዛ ትመጣለች። በዚያ መንደር ጉድጓድ የለም፤ ምንጭም የለም። ናፍጤ ከመጣች ይጠጣል፤ ካልመጣች ይጠማል።

አንድ ቀን ከተማ ላይ ጆንያው ሁሉ ከተራገፈ በኋላ፣ ከኋላ መጫኛዋ ስንጥቅ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማች።

«ማነህ?» አለች።

«ጨው ነኝ» አለ ድምፁ።

የናፍጤ ሞተር ያጓራል፤ ጆሮዋም አርጅቷል። «ጨዋ ነኝ» ያለ መሰላት። ጨዋ ነኝ ብሎ የመጣን እንግዳ ደግሞ ማን ያባርራል? የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ፣ ቤት የእንግዳ ነው፣ ግባ አለችው። ጨውም እንደ ስሙ ሳይሆን እሷ እንደሰማችው ሆነ። አጎንብሶ ገባ፤ ጥግ ያዘ፤ አመሰገነ።

ሲሰነብት ባለቤቴን ላምጣ አለ። ባለቤቱ ጤዛ ነበረች፤ ከሐይቁ የምትነሳ፣ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት። ናፍጤ ባልና ሚስትን መለየት ነውር ነው ብላ ሻንሲዋ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሻንሲ የመኪና አከርካሪ ነው፤ እሱ ከተሰበረ መኪና የለም።

ደግሞ ሲሰነብት ወለዱ። ልጁ ቀይ ነው፤ ስሙንም ዝገት አሉት። ዝገት ሲወለድ ከነጥርሱ ነበር።

«ይሄ ልጅ ምንድን ነው የሚያኝከው?» አለች ናፍጤ።

«ልጅ አይደል እመት ናፍጤ፣ ቅርፊት ቅርፊቱን ነው» አለ ጨው።

ናፍጤ ሆዷን በላት። ያዮ ግን ይወዳታልና ሁልጊዜ ያጥባታል። በምን ያጥባታል ብትሉ፣ የመጠጥ ውሃማ ለመኪና አይፈስም፤ ሐይቁ እዚያው አጠገቡ አለ። በባልዲ እየቀዳ በሐይቁ ውሃ ያጥባታል። ደርቃ ነጭ ነጭ ስትል ጊዜ፣ አያችሁ እንዴት እንደነጣች ይላል። ጨው ከውስጥ ሆኖ በሳቅ ይፈርሳል።

«ሰውዬው ዘመዶቼን በባልዲ እየጫነ ያመጣልኛል» ይላል ለሚስቱ። «እንዲህ ያለ መስተንግዶ የት ይገኛል?»

ዝገት አደገ። ከዕለታት አንድ ቀን በበሯ ጥግ ቀይ ራሱን ብቅ አደረገ። ያዮ አየና ከከተማ ሰማያዊ ቀለም ገዝቶ መጣ። ቀለም በቆርቆሮው ውስጥ እንዳለ ናፍጤን አናገራት። እኔ ባለሙያ ነኝ፤ ግን ሥራዬ መሸፈን እንጂ መፈወስ አይደለም፤ የቱን ነው የምትፈልጊው አላት። ናፍጤ በሯን አየች፤ የሚመጣ የሚሄደውን ሰው አየች፤ አፈረች።

«ሸፍነኝ» አለችው።

ሸፈናት። ሙሽራ መሰለች። ከቀለሙ በታች ደግሞ ጨውና ጤዛ ለልጃቸው ድግስ ደገሱ።

በዚያ ሰሞን አያ ግመል በአጠገቧ ሲያልፍ አሸተታት። አያ ግመል ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ጨው ጫኝ ነው። ጨው ጀርባሽ ላይ ያድራል እንዴ ብሎ ጠየቃት። ጨው ሳይሆን ጨዋ ነው፤ ባለትዳር፣ የልጅ አባት ነው አለችው። አያ ግመል ታችኛው ከንፈሩ እስኪንጠለጠል ሳቀ። ከዚያ ግን ሳቁን ተወና ጠጋ አላት።

«ስሚኝ እቴ። እኛ ዕድሜ ልካችንን ጨው ተሸክመናል፤ ከጨው ጋር ግን ተኝተን አናውቅም። ከደረስን ጭነቱ ይወርዳል፤ ጀርባችን ይታሻል። ቢያቆስለን ደግሞ እናጓራለን፤ ያጓራ ይታከማል። አንቺ ግን ቁስልሽን ኩል ኳልሽው።»

ናፍጤ ያን ጊዜ ገባት። ገባት እንጂ አልተናገረችም። ያዮ በሰው ፊት በእሷ ይኮራል፤ ምን ብላ ታሳየዋለች? ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገም ሌላ ነገ ወለደ።

ከዚያ የዘመድ ሠርግ ደረሰ። ያዮ የቀለሙን ማማር አይቶ ናፍጤ ልጅ ሆናለች ብሎ አወራ። የወትሮውን ጭነት ደርቦ ጫነባት። ሚስቱ መዲና ሠርግ ልትሄድ አዲስ የወለደችውን ሕፃን ታቅፋ ከፊት ተቀመጠች። መንገዱ ላይ ደግሞ አንድ ረጅም ቁልቁለት አለ። ናፍጤ ሻንሲዋ እንደ ብስኩት መሳሳቱን ታውቃለች። ቁልቁለቱ ላይ ለሁለት እንደምትገመስም ታውቃለች።

ያዮ ቁልፉን አዞረ። ናፍጤ ዝም አለች።

ደግሞ አዞረ። ዝም አለች።

ጨው ከስንጥቁ ውስጥ ይጎነትላት ጀመር። ተነሺ እንጂ፣ አንድም ቀን አልነሳም ብለሽ አታውቂም፣ መንደሩ ሁሉ ቆሞ እያየሽ ነው አላት።

«ይየኝ» አለች ናፍጤ።

ያዮ ለሦስተኛ ጊዜ አዞረ። ናፍጤ አልሳለችም፤ አላጨሰችም። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ ባትሪው ነው አለ፤ አንዱ የሰው ዓይን በልቷት ነው አለ። ያዮ ኮፈኑን ከፈተ፤ ናፍጣውን አየ፤ ባትሪውን ነካ። ሁሉም ደህና ነው። ወደ ሆዷ ግን ዝቅ ብሎ አላየም፤ ከዚያ ከሚያምር ቀለም ሥር ቁስል አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል?

እመት ፍየል ይህን ሁሉ ቆማ ታያለች። እሷ ጨውን ከሩቅ ታውቀዋለች፤ ከናፍጤ ሥር ስንት ጊዜ ልትልሰው ገብታ በድንጋይ ተባራለች። አሁን ሰው ሁሉ ኮፈኑ ላይ ሲያፈጥ ሹልክ ብላ ከሥር ገባችና ሻንሲውን መላስ ጀመረች። ያዮ ንዴቱን የሚወጣበት አገኘ። ቀንዷን ይዞ ሊጎትት በደረቱ ተንፏቆ ገባ። ፍየሏ እምቢ አለች፤ እሱም ኃይል እንዲያገኝ በአንድ እጁ ሻንሲውን ጨበጠ። ሻንሲው እንደ ደረቀ ዳቦ እጁ ላይ ተፈረፈረ።

ያዮ የተፈረፈረውን አየው። በምላሱ ነካ አደረገው፤ ጨው ጨው አለው። ባልዲው ትዝ አለው። መዲና በመስኮት አንገቷን አውጥታ ምን ሆንክ አለችው።

«መዲና» አለ ከሥር ሆኖ፣ «ልጁን ይዘሽ ቀስ ብለሽ ውረጂ።»

ከከተማ ብየዳ የሚያውቅ ሰው መጣ። ቀለሟን ፋቀው። ዝገትን በብሩሽ እየጠራረገ፣ የተበላውን ቆርጦ አዲስ ብረት እየለጠፈ ሠራት። ሲጨርስ ናፍጤ የሙሽራ መልክ አልነበራትም፤ የለማኝ ካፖርት መሰለች። ሆዷን በተቃጠለ ዘይት ቀባላትና፣ ከእንግዲህ ጨው በጫነች ቁጥር ሆዷ በመጠጥ ውሃ ካልታጠበ ልፋቴ ከንቱ ነው ብሎ ሄደ። ናፍጤ ተሠርታ እስክትነሳ ውሃውን ግመሎች አመላለሱ። አያ ግመልም ባለፈ ባገደመ ቁጥር «የጨዋው ወዳጅ እንዴት አደረች?» ማለቱን አልተወም።

ናፍጤ በተነሳች ቀን ጨው አድርሳ ውሃ ይዛ ተመለሰች። ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ ተሰለፈ። መዲና ግን የመጀመሪያውን ጀሪካን ቀድታ ወደ ናፍጤ ሆድ ሄደች። የመንደሩ ሽማግሌ ሐጂ ሁመድ በትራቸውን አነሱ። ሰው ጉሮሮው ደርቆ ለመኪና ውሃ ይፈሳል፣ ይህ ግፍ ነው አሉ።

«ሐጂ፣ ለሐይቁ ውሃማ አልሰሰትንም ነበር» አለች መዲና። «ለዚህ ብንሰስት ግን አንድ ቀን በርሜሉም፣ ሰውም ያ ቁልቁለት ላይ ይቀራል።»

ሐጂ ሁመድ የመዲናን ልጅ አዩ። በትራቸውን አወረዱ። ከዚያ ጣሳቸውን አቀበሏት።

«ከእኔም ድርሻ ጨምሪበት» አሉ። «ያቺ የሻንሲዋ መታጠፊያ ውሃ አልደረሳትም።»

ውሃው ወረደ። ጨውም ከነሚስቱ ተንጠባጥቦ ወረደ። ከታች እመት ፍየል ምላሷን ዘርግታ ትጠብቀው ነበር።

ቀለም የሸፈነውን ቁስል ቁልቁለት ይገልጠዋል፤ ቀድሞ «ይየኝ» ያለ ግን ይጠገናል።

እኔ ተረቴን አራገፍኩ፤ እናንተም ደብቃችሁ የጫናችሁትን አራግፉ።